«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት ማስረጃው ይነበብ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

በቅርቡ በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ፣ ላፕቶፓቸው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ እየጠፋና አልፎ አልፎም ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ ላስቸገራቸው አንባቢ የተሰጠውን መልስ አንብቤዋለሁ። መልሱ በአጭሩ ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ፣ ማለትም ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ተደምስሶ፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫንበት የሚል ነበር። በኮምፒውተር ጥገና ሥራ ለረጅም ጊዜ የቆየሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ይህን ምክር ስንት ሰው እንደሚከተለው፣ ስንት ሰነድና ፎቶግራፍም ያለ አግባብ እንደሚጠፋበት በየጊዜው ስለማይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ፎርማት ማድረግ ምርመራ አይደለም፤ ምርመራው ተጠናቆ ጥፋቱ የተጫነው ሲስተም መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ የሚወሰድ እርምጃ ነው። ከዚያ በፊት ከተደረገ ግን ኮምፒውተሩ ስለ ራሱ ብልሽት የመዘገበውን ማስረጃ ሁሉ ከባለቤቱ ሰነዶች ጋር አብሮ ይደመስሰዋል።

ከገጠሙኝ አንዱን ላንሳ። የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፏን በማጠናቀቅ ላይ የነበረች አንዲት ተማሪ ላፕቶፗን ይዛልኝ ስትመጣ፣ ማሽኑ ከዚያ ቀደም በሌሎች ባለሙያዎች እጅ ደጋግሞ ፎርማት ተደርጎ ነበር። በዚህ መካከል ከጽሑፏ የተወሰነው ክፍል ጠፍቷል፤ ችግሩ ግን ለጥቂት ቀናት ጋብ ከማለት በቀር አልለቀቃትም። የምትነግረኝን ሳዳምጥ ትኩረቴን የሳበው ብልሽቱ አንድ ዓይነት መልክ የሌለው መሆኑ ነው። አንድ ቀን ብራውዘሩ ብቻ በራሱ ይዘጋል፤ ሌላ ቀን ዚፕ የተደረገ ፋይል ተበላሽቷል፣ አይከፈትም ይላል፤ በማግስቱ ደግሞ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ የስክሪኑም ኮድ በየጊዜው ይለያያል። እንዲህ ያለ ወጥነት የጎደለው ብልሽት ሲያጋጥም በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ ነው። ሜምቴስት 86 ፕላስ የሚባለውን ነፃ የራም መፈተሻ በፍላሽ ላይ አዘጋጅቼ ኮምፒውተሩን ከእርሱ አስነሣሁት፤ ብዙም ሳይቆይ የስህተት መስመሮች እየተከታተሉ ይወጡ ጀመር። ሁለቱን የራም ካርዶች በየተራ ነቅዬ ስፈትሽ አንደኛው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ሌላው ግን በየትኛውም ማስገቢያ ቢሰካ ስህተት ያሳይ ነበር። ካርዱ ተቀየረ፣ ችግሩም ቆመ። በተበላሸ ራም ላይ ዊንዶውስን ደጋግሞ መጫን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ከመሆኑም በላይ፣ የሚጫኑት ፋይሎች ወደ ዲስኩ የሚጻፉት በዚያው ራም አልፈው ስለሆነ አዲሱም ሲስተም ገና ከጅምሩ የተበላሸ ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ «ላፕቶፔ በድንገት ይጠፋል» የሚለው አቤቱታ በውስጡ ብዙ የተለያየ ነገር ይዟል። አንዱ ሶኬት እንደተነቀለበት መሣሪያ በቅጽበት ጨልሞ ዝም የሚል ነው፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኃይል አቅርቦት ወይም ወደ ሙቀት ይመራል። ሌላው ኮድ የያዘ ስክሪን አሳይቶ ራሱን ሪስታርት የሚያደርግ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሲስተሙ ስህተቱን አውቆ ሆን ብሎ ራሱን አቁሟል ማለት ስለሆነ፣ ምክንያቱን የመዘገበበት ዕድል ሰፊ ነው። ሦስተኛው ስታክ የሚያደርገው፣ ማለትም ማውሱም ኪቦርዱም አልታዘዝ ብለው፣ ይሰማ የነበረው ድምፅም አንድ ቦታ ላይ እየተደጋገመ የሚቀረው ነው፤ እዚህ ላይ የዲስክ፣ የራምና የግራፊክስ ድራይቨር (ድራይቨር ማለት ሲስተሙ አንድን የኮምፒውተር ክፍል የሚያዝበት ፕሮግራም ነው) ጥርጣሬ ይጠነክራል። ባለሙያው እነዚህን ሳይለይ ወደ መፍትሔ ከሄደ የሚሠራው በግምት ነው።

ከእነዚህ ሌላ ብልሽት የሚመስል ነገር ግን ብልሽት ያልሆነም አለ። የብዙ ላፕቶፖች ክዳን መዘጋቱን የሚያውቀው በማግኔት አማካይነት ነው፤ በስክሪኑ ጠርዝ ትንሽ ማግኔት፣ በኪቦርዱ በኩል ደግሞ ማግኔቱ ሲቀርብ የሚሰማ ሴንሰር አለ። የእጅ ሰዓት ማሰሪያው በማግኔት የሚያያዝ ሰው በሚተይብበት ጊዜ አንጓው በዚያ ሴንሰር ላይ ካረፈ፣ ኮምፒውተሩ ክዳኑ የተዘጋ መስሎት ወዲያው ይተኛል፤ ስክሪኑም ይጨልማል። አንዱን ላፕቶፕ በሌላው ላይ ደርቦ መሥራትም ተመሳሳይ ውጤት ሊያመጣ ይችላል። ባለቤቱ «ስጽፍ ብቻ ይጠፋብኛል» እያለ ሲናገር የሚጽፈው በየትኛው እጁ ላይ ምን አስሮ እንደሆነ ማየት በቂ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለው ማሽን ላይ ፎርማት ምንም አይፈይድም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማስታወሻ መያዝ ነው። ብልሽቱ በደረሰ ቁጥር ቀኑና ሰዓቱ፣ ኮምፒውተሩ ከተከፈተ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው፣ ቻርጀር ተሰክቶ እንደነበር ወይም በባትሪ ብቻ ይሠራ እንደነበር፣ ምን ፕሮግራም ተከፍቶ እንደነበር፣ ማሽኑ የተቀመጠው ጠረጴዛ ላይ ይሁን አልጋ ላይ፣ ከመጥፋቱ በፊትም የማራገቢያው ድምፅ ከፍ ብሎ እንደነበር ቢጻፍ፣ ጥቂት ግቤቶች እንደተጠራቀሙ አንድ የጋራ ነገር ብቅ ማለት ይጀምራል። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ከመጣ በስልክ ፎቶ ማንሣት ነው። ዊንዶውስ ከብልሽት በኋላ በራሱ ሪስታርት ስለሚያደርግ ኮዱን ለማንበብ ጊዜ ካልተገኘ፣ በሲስተም ማስተካከያው የላቁ አማራጮች ውስጥ «በራስ ሰር ሪስታርት አድርግ» የሚለውን ምልክት ማንሣት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ባለቤቱ እስኪያጠፋው ድረስ ባለበት ይቆያል። በዊንዶውስ 11 የቅርብ ጊዜ ዝማኔዎች ይህ ስክሪን ጥቁር ሆኗልና ሰማያዊ ባለመሆኑ ሌላ ነገር ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ባለቤቱ ማስታወሻ ባይዝም እንኳ ኮምፒውተሩ ራሱ ይዟል። በዊንዶውስ ውስጥ ኢቨንት ቪወር የሚባለው መዝገብ ሲከፈትና የሲስተም ክፍሉ ሲታይ፣ ብልሽቱ በደረሰበት ሰዓት አካባቢ ብዙውን ጊዜ ቁጥር 41 የሆነ፣ ከርነል ፓወር ከሚባለው ክፍል የተላከ ግቤት ይገኛል። ብዙ ሰው «ፓወር» የሚለውን አይቶ ወዲያው ቻርጀር ወይም ባትሪ ይቀይራል፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም። ግቤቱ የሚናገረው ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ እንደገና መነሣቱን ብቻ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ዝርዝሩ ውስጥ ሲሆን፣ የብልሽት ኮዱ ዜሮ ከሆነ ሲስተሙ ምክንያቱን ለመመዝገብ እንኳ ጊዜ አላገኘም ማለት ነው፤ ኃይል ተቋርጧል፣ ሙቀት አጥፍቶታል፣ ጨርሶ ደርቆ ቀርቷል፣ ወይም ባለቤቱ የማጥፊያ ቁልፉን ተጭኖ ይዞታል። ኮዱ ዜሮ ካልሆነ ደግሞ እዚህ በተለመደው አሥርዮሽ፣ ስክሪኑ ላይ ግን ፊደልም በሚገባበት በአሥራ ስድስት መሠረት ስለሚጻፍ ከስክሪኑ ኮድ ጋር ለማስተያየት መቀየር ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ በስክሪኑ ላይ 124 ሆኖ የሚታየው እዚህ 292 ሆኖ ይገኛል። ቁጥር 6008 የቀድሞው መዘጋት ያልተጠበቀ እንደነበር ከነሰዓቱ ይነግራል፤ ቁጥር 1001 ደግሞ የብልሽቱን ኮድና ስለ ብልሽቱ የተጻፈው ፋይል የት እንደተቀመጠ ያመለክታል። የመዝገቡ ብዛት ለሚያስቸግረው ሰው ሪላያቢሊቲ ሞኒተር የሚባለው፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ የሚመጣው መመልከቻ ይሻላል፤ በየቀኑ የደረሰውን ብልሽትና በዚያው ቀን የተጫነውን ፕሮግራም ወይም ዝማኔ ጎን ለጎን ስለሚያሳይ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከባለቤቱ ትዝታ የተሻለ መልስ ይሰጣል። ማክ የሚጠቀሙ ሰዎች ኮንሶል በሚባለው ፕሮግራም የብልሽት ሪፖርቶችን ያገኛሉ፤ በሊኑክስም ጆርናልሲቲኤል የሚባለው ትእዛዝ ከመጥፋቱ በፊት የነበረውን የመጨረሻ መዝገብ ያወጣል።

ኮዶቹን በተመለከተ፣ ሁሉንም ማወቅ አያስፈልግም። 124 ሃርድዌሩ ራሱ ሊታረም የማይችል ስህተት ሪፖርት ማድረጉን ያሳያል፤ 1ኤ ከሜሞሪ አያያዝ፣ 116 ከግራፊክስ ድራይቨር፣ 7ኤ ከዲስክ የሚነበብ መረጃ ካለመገኘቱ፣ 9ኤፍ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲተኛ ወይም ሲነቃ በሥርዓት ካልታዘዘ ድራይቨር ጋር ይያያዛል። ኮዱ የሚጠቁመው አቅጣጫ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ 7ኤ በራም ምክንያትም ሊመጣ ይችላል። በተለይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በብልሽቱ ፋይል ውስጥ ስሙ የተጠቀሰ ፋይል ሲገኝ ነው። በዊንዶውስ አቃፊ ውስጥ ሚኒደምፕ በሚባለው ንዑስ አቃፊ የሚቀመጡት እነዚህ ትናንሽ ፋይሎች ሲነበቡ፣ ብዙ ጊዜ ተጠያቂ ሆኖ የሚጠቀሰው ከርነል የሚባለው የዊንዶውስ እምብርት ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል» ማለት ቀላል ነው። ከርነሉ ግን ስህተቱ የተገኘበት ቦታ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ስህተቱን የፈጠረው ቀደም ሲል የሜሞሪውን ይዘት ያበላሸው ሌላ ድራይቨር ወይም የታመመ ራም የሆነበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ከአንድ ይልቅ አራት ወይም አምስት ፋይሎችን አስተያይቶ የሚደጋገመውን መፈለግ ይሻላል። ኮምፒውተር «እናጸዳለን» የሚሉ ፕሮግራሞች እነዚህን ፋይሎች እንደ ቆሻሻ ቆጥረው ስለሚያጠፏቸው፣ ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ እንዲህ ያለውን ጽዳት ማቆየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልመለስ። ጥፋቱ የሃርድዌር ነው ወይስ የሶፍትዌር የሚለውን ለመለየት አንዳች ነገር ሳይጠፋ የሚደረግ ፈተና አለ። እንደ ኡቡንቱ ያለ የሊኑክስ ሲስተም በፍላሽ ላይ ይዘጋጅና ኮምፒውተሩ ከፍላሹ እንዲነሣ ይደረጋል፤ «ሳትጭን ሞክር» የሚለው አማራጭ ሲመረጥ ሲስተሙ በራም ላይ ብቻ ይሠራል፣ ውስጥ ያለውን ዲስክ አይነካም። በዚህ ሁኔታ ኮምፒውተሩ በተለመደው ሥራ፣ ቪዲዮ እያጫወተና ፕሮሰሰሩ እየተጨነቀ፣ ብልሽቱ ብዙውን ጊዜ ከሚደርስበት ጊዜ በላይ እንዲቆይ ይደረጋል። እዚያም ላይ ከጠፋ ወይም ስታክ ካደረገ፣ ዲስኩ ላይ የተጫነው ዊንዶውስ በጉዳዩ የለበትም፤ ፎርማትም አያድነውም። ካልጠፋ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ዊንዶውሱ፣ ወደ ድራይቨሮቹና ወደ ዲስኩ ይጠጋል። ዲስኩ በዚህ ፈተና ሥራ ላይ ስለማይውል ለብቻው መመርመር እንዳለበት መዘንጋት የለበትም። ይህን ፈተና ያልሠራ ባለሙያ ፎርማት እንዲደረግ የሚያዝበት በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ብዬ አላምንም።

ከሃርድዌር ምክንያቶች መካከል በእኔ እምነት በብዛት የሚታለፈው ሙቀት ነው። የዘመኑ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች እስከ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚደርስ የሙቀት ገደብ አላቸው፤ ወደዚያ ሲጠጉ በመጀመሪያ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፣ ሙቀቱ መጨመሩን ከቀጠለ ግን ራሳቸውን ለማዳን ያለ ምንም መልእክት ኮምፒውተሩን ያጠፉታል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ማራገቢያው ይጮሃል፣ ማሽኑ ይዘገያል፣ ከዚያም ይጠፋል፤ ወዲያው ቢከፈት ከበፊቱ ባጠረ ጊዜ ይጠፋል፣ ቀዝቅዞ ሲከፈት ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል። ባለቤቱ ከውጭ ሲያየው የአየር መውጫው ንጹሕ ስለሚመስለው አቧራን አይጠረጥርም። የኋላው ክዳን ተፈትቶ ማራገቢያው ከቦታው ሲነሣ ግን ነገሩ ይገለጣል፤ በማራገቢያውና ሙቀት በሚያስወጡት ቀጫጭን የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ክንፎች መካከል፣ ከውጭም ከውስጥም በማይታየው ቦታ፣ አቧራው ከጸጉርና ከልብስ ጭረት ጋር ተደባልቆ በጣት ተይዞ ሊላጥ የሚችል አንድ ወፍራም ንጣፍ ሆኖ ይገኛል። አየሩ እስከዚያ ይደርስና ይመለሳል። በዚህ ላይ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ተርማል ፔስት ከዓመታት በኋላ ደርቆ ከተሰነጠቀ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል። ጽዳቱ ሲሠራ የተጨመቀ አየር ከመንፋት በፊት የማራገቢያውን ክንፍ በጣት መያዝ ያስፈልጋል፤ ያለ ልክ እንዲሽከረከር ከተተወ መሽከርከሪያው ይጎዳል። ንጣፉን ሳያወጡ ከውጭ ብቻ መንፋት ደግሞ አቧራውን ከቦታ ቦታ ማዛወር ነው። አልጋና ትራስ ላይ አስቀምጦ መሥራት የአየር ማስገቢያውን ስለሚደፍነው ንጹሑን ማሽን እንኳ ወደዚሁ ችግር ይከተዋል።

ባትሪን በተመለከተ፣ ያረጀ ባትሪ ገና 30 ወይም 40 በመቶ እያሳየ ሳለ ኮምፒውተሩን ሊያጠፋው ይችላል፤ ፕሮሰሰሩ በድንገት ብዙ ኃይል ሲጠይቅ የባትሪው ቮልቴጅ ዝቅ ብሎ ከሚያስፈልገው በታች ይወርዳልና። ዊንዶውስ ፓወርሲኤፍጂ በሚባለው ትእዛዝ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ በሪፖርቱ ላይ ባትሪው በፋብሪካ ሲመረት የነበረው አቅምና አሁን ሙሉ ሲሆን የሚይዘው አቅም ጎን ለጎን ስለሚጻፉ ልዩነቱን ማንም ሊያነበው ይችላል። ማሽኑ የሚጠፋው በባትሪ ብቻ ሲሆን ነው፣ በቻርጀር ብቻ ሲሆን ነው ወይስ በሁለቱም የሚለውን ማወቅም ግማሽ መልስ ነው። ቻርጀሩ ከላፕቶፑ ጋር የመጣው ካልሆነ፣ የሚሰጠው ዋት ማሽኑ ከሚጠይቀው እንዳያንስ መታየት አለበት። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ የታችኛው ክዳን ካበጠ፣ ታችፓዱ ከቦታው ከፍ ካለ ወይም ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከተናጋ፣ ባትሪው አብጦ ሊሆን ስለሚችል ምርመራው እዚያው ላይ ቆሞ ማሽኑ መጥፋት፣ ከቻርጀርም መነቀል ይኖርበታል። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ሲወጋ ወይም ሲታጠፍ እሳት ሊያነሣ ስለሚችል በምንም ምክንያት መጫን፣ መብሳት ወይም በግድ መንቀል አይገባም።

ዲስክ ሲጠረጠር ደግሞ የሥራው ቅደም ተከተል ይለወጣል፤ ከምርመራ በፊት ባክአፕ ይቀድማል። ዲስኮች ስለ ጤንነታቸው የሚይዙትን መዝገብ እንደ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች ያነቡታል፤ የተተኩ ወይም መተካት የሚጠባበቁ ክፍሎች ቁጥር እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ እየሞተ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን ዲስክ ቼክዲስክ በሚባለው ማስተካከያ ማስጨነቅ ወይም ፎርማት አድርጎ ሙሉ ሲስተም መጻፍ የቀረችውን ዕድሜ ያሳጥራል። በቅድሚያ ሰነዶቹ ወደ ሌላ ቦታ ይገልበጡ፣ ከዚያ በኋላ የፈለጉትን መሞከር ይቻላል።

የድራይቨርን ነገር ለመረዳት በእኔ እምነት እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 በዓለም ዙሪያ ከደረሰው የበለጠ ማስረጃ የለም። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ ያሰራጨው የተሳሳተ የይዘት ዝማኔ፣ በከርነል ደረጃ የሚሠራው የኩባንያው ድራይቨር ሲያነበው ሲስተሙን ስለጣለው፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቆመው ቀሩ። እነዚያ ኮምፒውተሮች ምንም የሃርድዌር ጉድለት አልነበረባቸውም፤ የዊንዶውሱም ፋይሎች ጤነኛ ነበሩ። መፍትሔ ተብሎ የተሰጠው መመሪያም ፎርማት አልነበረም፤ ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ አስነሥቶ ያን አንድ ፋይል መሰረዝ ነበር። ምክንያቱ ስለታወቀ እርምጃው ትንሽና የተለየ ሆነ። በግለሰብ ላፕቶፕም ላይ ነገሩ ከዚህ አይለይም። ሴፍ ሞድ የሚያስነሣው ለመነሣት የግድ የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች ብቻ ስለሆነ፣ ማሽኑ በሴፍ ሞድ ሳይጠፋ ከዋለ ጥርጣሬው ከእነዚያ ውጭ ባሉት ላይ ይወድቃል። ብልሽቱ የጀመረው የግራፊክስ ወይም የዋይፋይ ድራይቨር ከተዘመነ በኋላ ከሆነ፣ ዲቫይስ ማናጀር በሚባለው የዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር በኩል ወደ ቀድሞው ስሪት መመለስ ይቻላል። ሁለት አንቲቫይረሶች በአንድ ላይ ተጭነው ከተገኙ አንዱን ማንሣት ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታዋል። ድራይቨር ቬሪፋየር የሚባለው መሣሪያ ጥፋተኛውን ድራይቨር ለማጋለጥ ሆን ብሎ ብልሽት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ከዚያ መውጫውን ለሚያውቅ ባለሙያ ቢተው ይመረጣል።

አንድ ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ብዙ ደንበኞች «አጥፍቼ ከፍቼ ሞክሬዋለሁ» ይላሉ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፋስት ስታርታፕ የሚባለው አሠራር በተከፈተበት ኮምፒውተር ላይ «ሸት ዳውን» ማለት ሙሉ በሙሉ መዝጋት አይደለም፤ የከርነሉና የድራይቨሮቹ ሁኔታ ዲስክ ላይ ተቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ እንዳለ ይመለሳል። የተበላሸው ሁኔታም አብሮ ይመለሳል ማለት ነው። እንደ አዲስ የሚያስጀምረው «ሪስታርት» የሚለው ነው። በተለይ ከእንቅልፍ ሲነቃ በሚመጣ ብልሽት ላይ ፋስት ስታርታፕን ዘግቶ ለጥቂት ቀናት ማየት ምንም የማያስከፍል ሙከራ ነው። ሙከራ ሲደረግ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ራም ቀይሮ፣ ድራይቨር አዘምኖና አንቲቫይረስ አንሥቶ ችግሩ የቆመለት ሰው የትኛው እንዳዳነው ስለማያውቅ፣ ምናልባትም ጤነኛ ራም ጥሎ ይሆናል።

ይህን ስል ፎርማት ፈጽሞ አይደረግ ማለቴ አይደለም። ራሙ ንጹሕ ከሆነ፣ ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ፣ ሙቀቱ በልክ ከሆነ፣ ማሽኑ ከፍላሽ ሲነሣ የማይጠፋ ከሆነና የሲስተም ፋይሎችን የሚጠግኑት የዊንዶውስ ትእዛዞችም ተሞክረው ካልረዱ፣ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ተገቢ እርምጃ ነው። በዚያን ጊዜም ቢሆን ሚኒደምፕ ፋይሎቹና የኢቨንት ቪወር መዝገቡ ወደ ውጭ ተገልብጠው ይቀመጡ፤ ሰነዶቹ ባክአፕ መደረጋቸውን ባለቤቱ ራሱ ከፍቶ ያረጋግጥ። ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው መሠረታዊ ፕሮግራም) ከመነካቱ ወይም ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ከመቀየሩ በፊት 48 አኃዞች ያሉት የመክፈቻ ቁልፍ በእጅ መኖሩ ይጣራ፤ ቁልፉ ከሌለ ሰነዶቹን የሚመልስ ባለሙያ አይገኝም። ብዙ ሰዎች ዲስካቸው የተቆለፈ መሆኑን እንኳ የሚያውቁት ስክሪኑ ቁልፉን ሲጠይቃቸው ነው።

ዓምዳችሁን የሚያዘጋጁት ባልደረባ ቀደም ሲል ለሰጡት ምክር በተመሳሳይ ቦታ ማስተካከያ እንዲያወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ምክሩን አንብበው ላፕቶፓቸውን ለፎርማት ሊወስዱ የተነሡ ሰዎች ይኖራሉና። ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ጥያቄ አለኝ። ማሽን ፎርማት አድርገን ስንመልስ፣ ከዚያ በፊት ምን ምን እንደተፈተሸ፣ ምን ኮድ እንደተገኘና ፎርማቱ ለምን እንደተወሰነ የሚገልጽ ግማሽ ገጽ ወረቀት ለባለቤቱ አብረን እንስጥ። ደንበኞችም ላፕቶፓቸውን ሲረከቡ ይህን ወረቀት ይጠይቁ። ችግሩ ከአንድ ወር በኋላ ቢመለስ፣ ማሽኑን የሚቀበለው ቀጣዩ ባለሙያ ራሙን ወይም ዲስኩን እንደገና ከመፈተሽ ይልቅ ካልተፈተሸው ክፍል ይጀምራል።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር
አንድ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ